ጠላቂው ይመታል

የአየር መሙያው ኮምፕረሰር ያጓራል። ጀልባዋ ትንቀጠቀጣለች።

ሴትዮዋ የአየሩን ሲሊንደር ጀርባው ላይ አሰረችለት። ማሰሪያውን ሳበች፣ ፈተሸች፣ ከዚያ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ጠላቂው ይመታል።»

በዚያው ቅጽበት የእጁን አንጓ ይዛ ጭምቅ አደረገችው። አጥንቱ እስኪያመው። ከዚያ ለቀቀችውና ትከሻውን ቸብ አድርጋ ወደ ኮምፕረሰሯ ተመለሰች።

የጠላቂዎቹ ድርጅት ባለቤት ከጀርባዋ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ምንም አላየም። ቢያይም፣ አንዲት ሠራተኛ አንዱን ጠላቂ «በል፣ በደህና ግባ» ያለችው ነው የሚመስለው።

መልእክቱ ደረሰ።

ይቺን ቃል ሲጠብቅ ወራት አልፈዋል። «ጠላቂው» ማለት እሱ ነው። የስለላ መሥሪያ ቤቱ ለዚህ ሥራ ያወጣለት የምስጢር ስም ነው፤ ጠላቂን «ጠላቂው» ብሎ መሰየም ምን የሚሉት ምስጢር እንደሆነ እነሱ ይወቁ። ከአለቃው ጋር የተስማሙት ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነበር። «ጠላቂው ይወጣል» ከተባለ፣ ሁሉን ጥሎ ከወደቡ ይሰወራል። «ጠላቂው ይመታል» ከተባለ፣ መርከብ ላይ ቦምብ ሊለጥፍ የተዘጋጀውን በያጅ ከባሕሩ በታች ይመታል፣ ቦምቡን ይወስዳል።

በእነሱ ቤት መምታት ማለት ደግሞ ጥፊ ማለት አይደለም።

ሴትዮዋን የወደቡ ሰው ሁሉ «እታለም» ይላታል። የጠላቂዎችን አየር የምትሞላው እሷ ናት። የመሥሪያ ቤቱ ሰው አይደለችም። አለቃው በስልክ የሚነግራትን ቃል ሳታዛንፍ ታደርሳለች፣ ትርጉሙን አትጠይቅም፤ ኮዱንም አታውቀውም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር።

እሱን ደግሞ በወደቡ «ግማሽ ጆሮ» ይሉታል።

አንድ ጆሮው አይሰማም። ይህን ማንም ያውቃል። የደነቆረው ግራው እንደሆነም ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ሐሜት ያለበት፣ ተንኮል ያለበት፣ ምስጢር ያለበት ሁሉ በግራው በኩል ቆሞ እንደ ልቡ ያወራል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የሞተው ቀኙ ነው። ግራው የድመት ጆሮ ነው፤ ቦምቡ ለነጩ የመንገደኞች መርከብ እንደተዘጋጀ የሰማው በዚያ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእሱ ግራ ጆሮ ግን አንድም ቀን ባዳ ሆኖበት አያውቅም። ይህን የሚያውቁት እሱ፣ ሐኪሙና አለቃው ብቻ ናቸው።

አለቃውን በመሥሪያ ቤቱ «አጎት» ይሉታል። እሱም የምስጢር ስም ነው። ነበር።

ቀኙ የሄደው በአጎት ምክንያት ነው። ጉንፋን ይዞት ነበር። አፍንጫው ተዘግቶ፣ አየር ወደ ጆሮው አልገባ ብሎት፣ «አጎት፣ ዛሬ አልጠልቅም» አለው። «ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም፣ ልጄ» አለ አጎት። ጠለቀ። ታምቡሩ ተቀደደ፤ ከውስጥ ያለውም ተበላሸ። ሐኪሙ የግራውን ሲያይ ቆየና «ይቺ ብትሄድ መለዋወጫ የላትም። ከእንግዲህ ውሃ በብርጭቆ ብቻ» አለው።

እሱ ግን ይኸው፣ ደግሞ ጎማ ለብሶ ቆሟል።

የሚፈራው ሞትን አይደለም፤ ከሞት ጋር ተለማምደዋል። የሚፈራው እናቱን ነው። እናቱ ማየት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። እሳቸው «አለህ?» ይላሉ፣ እሱ «አለሁ፣ እማዬ» ይላል፤ ከዚያ ወሬ ነው። ፍሪጅ የሚሸጥ ነው የሚመስላቸው። «ፍሪጅ ውስጥ ውለህ ድምፅህ ቀዘቀዘ» ብለው ይቀልዱበታል። እሳቸው አያዩት፣ እሱ ባይሰማቸው፣ በምን ሊገናኙ ነው? 

«ግማሽ ጆሮ! ዛሬም ግማሹን ነው የሰማኸው? ግባ እንጂ!»

በያጁ ነው። በር የሚያክል ሰው ነው። ከውሃ በታች ብረት ይበይዳል፣ የመርከብ ሆድ ያጸዳል፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ ቦምብ ይለጥፋል። ዛሬ ጠዋት ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ሰጥቶታል። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ።

«ዋናውስ አይገባም?» አለ ጠላቂው።

በያጁ ሳቀ። የድርጅቱ ባለቤት «ዋናው» ነው የሚባለው፤ «ዋናው ዋና አይችልም» ደግሞ የወደቡ የዘወትር ቀልድ ነው። የመጀመሪያውን ጠበቅ፣ የኋለኛውን ላላ አድርገው ይሉታል። ሰውዬው ይህን ስለሚያውቅ፣ ይባስ ይሳቅብኛል ብሎ ተንሳፋፊ ጃኬት እንኳ አይለብስም።

ሁለቱ ጠላቂዎች ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ወደቁ።

*

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። አረንጓዴ ነው። ከላያቸው የነጩ መርከብ ሆድ ሰማዩን ሸፍኖታል። እዚያ ላይ መንገደኞች ሻንጣ እየጎተቱ ይሳፈራሉ። ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ። በያጁ ከተሳካለት ግን መሐል ባሕር ላይ ይቀራሉ።

ጠላቂው አፍንጫውን ይዞ ነፋ። ግራ ጆሮው ጢቅ ብሎ ተከፈተ። ትንሽ ወረደ። ደግሞ ነፋ። አልከፈት አለ። ከጉንጩ እስከ ጥርሱ ድረስ ወስፌ የገባ ያህል አመመው። ክንድ ያህል ወደ ላይ ተመለሰና ቀስ ብሎ፣ እያባበለ፣ እንደገና ነፋ።

ጢቅ።

«ጎበዝ» አላት ጆሮውን በልቡ። «ዛሬን ብቻ።»

በያጁ ቀድሞት ወርዷል። በአንድ እጁ ከኮምፕረሰሩ የሚመጣውን የማጽጃ ቱቦ ይዟል፤ ከብረት ላይ ዝቃጭ የሚገፍፍ አየር የሚተፋ ቱቦ ነው። በሌላው ትከሻው የመሣሪያ ቦርሳ አንግቷል። ቦርሳው ከብዷል። ቦምቡ እዚያ ነው።

በያጁ ጣቱን ወደ ጆሮው ቀሰረና እጁን አወዛወዘ። ጆሮህ እንዴት ነው ማለቱ ነው።

ጠላቂው በጣቶቹ ቀለበት ሠርቶ አሳየው። ደህና ነኝ።

ሊገድለው የመጣውን ሰው ስለ ጆሮው ይጠይቀዋል! ጠላቂው በራሱ አፈረ። እጁ ግን ወደ ጭኑ፣ ወደ ቢላዋው ሄደ። እቅዱ ቀላል ነው። በያጁ ሥራ ሲጀምር ከኋላው ይመጣል፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ይቆርጣል፣ ቦርሳውን ይወስዳል። ኃጢአቱን ሌላ ቀን ያስብበታል።

በያጁ ዞር አለ። ጀርባውን ሰጠው።

ጠላቂው ቢላዋውን መዘዘ።

በያጁ ተመልሶ ዞረ። ሲጠብቀው ነበር።

ግዙፉ ክንድ አንገቱን ጠመዘዘው። ቢላዋ የያዘው እጅ ከመርከቡ ብረት ጋር ተላተመ። ጠላቂው ታገለ፣ ረገጠ። በያጁ የቱቦውን አፍ አነሳ። ወደ ግራ ጆሮው አስጠጋው። ለአፍታ እንኳ አላመነታም፤ ቀኙን አላየውም።

ከዚያ ለቀቀው።

አየሩ ጆሮው ውስጥ ፈነዳ።

ከራሱ ቅል ውስጥ የመጣ ድምፅ ሰማ፤ ሸራ ሲቀደድ እንደሚሰማው። የመጨረሻው ድምፅ ያ ነበር።

ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውስጥ ገባ። ባሕሩ ተገለበጠ። መርከቡ ከታች ሆነ፣ የባሕሩ ወለል በጎን መጣ፣ ሁሉም በአንድነት መዞር ጀመረ። የነከሰው ጎማ ውስጥ አስታወከ። ደግሞ አስታወከ።

ግራውን። ለምን ግራውን?

የወደቡ ሰው ሁሉ ደንቆሮ ነው የሚለውን ጆሮ መምታት የሞተ በቅሎ መጋለብ ነው። ይህ ሰው ደህናዋ የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል። ሐኪሙ አይናገርም። እሱ ራሱ አልተናገረም።

አጎት።

አጎት ሸጦታል።

እንግዲያው ትእዛዙስ? እታለም ያቀበለችው የአጎት ቃልስ? ይኼኔ የእጁ አንጓ ትዝ አለው። ያ ጭምቅ ያደረገችው። የስንብት መስሎት ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ ብሎት ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ስንብት አልነበረም። «ጠበቅ አድርገህ አንብበው» ማለቷ ነበር! ቃሉም የአጎት አልነበረም፣ የራሷ ነው፤ ዋናው በስልክ ሲማከር ሰምታ መሆን አለበት።

ይመታል። ላልቶ ሲነገር፣ ሌላውን ይመታል። ጠብቆ ሲነገር፣ ራሱ ይመታል። ከንፈር ማንበብ ተምሯል፣ መሥሪያ ቤቱ አስተምሮታል፤ ከንፈር ግን ጠብቆና ላልቶ አይለይም። እታለም ጮክ ማለት አልቻለችም፣ ጊዜዋም ለሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው፣ በከንፈር የማይታየውን በእጇ ነገረችው። እሱ ደግሞ የለመደውን ሰማ። ትእዛዝ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ማስጠንቀቂያም ትእዛዝ ይመስለዋል።

ደንቆሮ! አለ ራሱን። እውነተኛው ደንቆሮ።

በያጁ ለሁለተኛ ጊዜ ቱቦውን አመጣ። ወደ አፉ። የነከሰውን ጎማ ነቅሎ ሊያወጣው ነው።

ቱቦው በድንገት ሞተ።

አየሩ ቆመ። ቱቦው በበያጁ እጅ ላይ እንደ ሞተ እባብ ተልፈሰፈሰ። ላይ፣ ጀልባዋ ላይ፣ አንድ ሰው ኮምፕረሰሩን አጥፍቷል። እታለም ናት፤ ሌላ ማን ሊሆን?

በያጁ ቱቦውን ተመለከተ። ያን ያህል ጊዜ በቃ።

ጠላቂው ላይና ታችን አያውቅም። ጭንቅላቱ ይዋሻል። አረፋ ግን አይዋሽም፤ አረፋ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ከበያጁ አፍ የሚወጣውን አረፋ በዓይኑ ያዘ። አረፋው በጎን የሚሄድ መሰለው፣ እሱ ግን «ያ ላይ ነው» አለና ራሱን አሳመነ። ከላይ ያለው መርከቡ ነው። ከመርከቡ በታች ያለው ሰውየው ነው። የሰውየው ማጅራት እዚህ ነው።

ቢላዋውን ሰነዘረ።

ሳተ። ትከሻ ቆረጠ። ውሃው ውስጥ ደም እንደ ጭስ ተበተነ።

ደግሞ ሰነዘረ።

የመተንፈሻው ቱቦ ተበጠሰ። አየሩ ተናወጠ፣ አረፋ ሁለቱንም ዋጣቸው። በያጁ በቡጢ ደረቱን ነረተው። የጎድን አጥንት ሲሰበር ድምፁን አልሰማም፤ ሕመሙን ግን አልሳተውም። ጠላቂው የሞተውን የማጽጃ ቱቦ ያዘ፣ በበያጁ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ጠመጠመው፣ ጫፉን መርከቡን በሚገፋው ክንፈ መዘውር ላይ ሸብ አደረገው።

በያጁ ወደ ላይ ተወረወረ። ቱቦው ተወጠረ። ያዘው።

ላይኛው ብርሃን አንድ ቁመት ያህል ይቀረዋል። ያን አንድ ቁመት ግን መዝለል አልቻለም።

ዞሮ ጠላቂውን አየው። በመነጽሩ ውስጥ ዓይኑ ፈጧል። እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰ። በጠላቂዎች ቋንቋ አየር አልቆብኛል ማለት ነው። ይህን ምልክት ያየ ጠላቂ፣ ጠላቱም ቢሆን፣ አየሩን ያካፍላል። ማንም ቆም ብሎ አያስብበትም፤ እጅ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ነው።

የጠላቂው እጅ በልምድ ወደ አፉ ሄደ። ጎማውን ያዘ።

ቆመ።

ግማሹ ዳቦ ትዝ አለው። መርከቡ ላይ ያሉት ሰዎችም ትዝ አሉት።

እጁን አወረደ።

በያጁ ለረጅም ጊዜ ታገለ። ከዚያ ትግሉ እየለዘበ፣ እየለዘበ መጣ። ጠላቂው ዓይኑን አላነሳም። የገደሉትን ሰው ሳያዩ መሄድ ነውር ነው ብሎ ያምናል፤ እምነቱ ግን አላጽናናውም።

*

ቦርሳውን ከሟቹ ትከሻ፣ ቱቦውንም ከመርከቡ ክንፍ ፈታ። ቦምቡ እንዳለ ነው፤ ሰዓቱ ገና አልተሞላም። በያጁ መጀመሪያ እሱን ሊገድል፣ ከዚያ ቦምቡን ሊለጥፍ ነበር። ሥርዓት ያለው ሠራተኛ!

ሥራው አለቀ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ከተገኘ በወደቡ ምሰሶዎች መሐል ዋኝተህ ትጠፋለህ፣ ወደ ኋላ አታይም።

ኮምፕረሰሩን ያጠፋችዋስ?

ጠላቂው ወደ አረፋው አቅጣጫ ወጣ።

ከጀልባዋ ጀርባ፣ ሞተሩ ሥር፣ ዓይኑን ብቻ ከውሃ አወጣ። ዓለም አሁንም ይዞራል። ድምፅ የለም። ማዕበሉ ብረቱን ሲመታ ያያል፣ ወፎች አፋቸውን ሲከፍቱ ያያል። ምንም የለም።

ሌላ ትንሽ ጀልባ መጥታ ታስራለች። ዋናው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እታለምን በጸጉሯ ይዞ አንበርክኳታል። ከአፏ ደም ይፈሳል። አጠገባቸው ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ክራቫት ያሰረ ሽማግሌ ቆሟል።

አጎት።

የዋናው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ጠላቂው አነበበ።

«አጎቴ፣ ይቺንስ ምን እናድርጋት?»

አጎቴ!

በመሥሪያ ቤቱ ማንም «አጎቴ» ብሎት አያውቅም። «አጎት» ነው፣ በቃ። ጠላቂው ሁለቱን ፊቶች አስተያየ፤ አንድ ዓይነት አፍንጫ፣ አንድ ዓይነት አገጭ። ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ዓመት የምስጢር ስም ነው ብለው የጠሩት ስም ምስጢር አልነበረበትም። ሰውዬው እውነትም አጎት ነው። በቦምቡ ሴራ እጁ ያለበትን የእህቱን ልጅ ሊያድን፣ «ልጄ» የሚለውን ሠራተኛ ሸጠ።

ዋናው ወደ እሷ ጎንበስ አለ። ጀርባው ከጀልባዋ ጠርዝ ውጭ ነው። ቀበቶው ለእጅ ይደርሳል።

ጠላቂው ቀበቶውን ይዞ ወደ ኋላ ሳበው።

ዋናው ባሕር ውስጥ ገባ። አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ምን ብሎ እንደጮኸ የሰማው የለም፣ ማለቴ ጠላቂው አልሰማም። እጆቹ ውሃውን ይደበድቡታል። ውሃ ግን በዱላ አይገዛም።

ጠላቂው መሰላሉን ያዘ፣ ደረቱን ጀልባዋ ላይ አስደገፈ። ቦርሳውን ወረወረ። ቀና ሲል የሽጉጥ አፍ አየ።

የያዘው አጎት ነው። ከዕድሜ ልክ ልምዱ ወደ ግራ፣ ወደ ደህናዋ ጆሮ ዘንበል አለና በጣፋጭ ከንፈሩ ተናገረ።

«ልጄ፣ ስማኝ።»

«አልሰማም» አለ ጠላቂው።

የራሱን ድምፅ እንኳ አልሰማውም። ጮኾ ይሁን በሹክሹክታ አያውቅም። አጎት ግን ፊቱ ተለወጠ። ምን እንዳስደረገ ገባው። ያን ያህል ሰው ነበረ።

«የእህቴ ልጅ ነው» አለ። «አንተ ብትሆን…»

ሳይጨርስ ተኮሰ።

ጠላቂው እሳቱን አየ። ትከሻው በእሳት ብረት ተወጋ። ሁለተኛው ጥይት ወደ ሰማይ ሄደ፤ እታለም ከጀልባዋ ወለል ተነስታ የሲሊንደር መፍቻውን በአጎት ክንድ ላይ አሳርፋዋለች። ክንዱ መሆን በማይገባው ቦታ ታጠፈ። ሽጉጡ ወደቀ።

ጠላቂው ክራቫቱን ያዘ።

ራሱን ወደ ኋላ ጣለ።

ወገቡ ላይ የእርሳስ ቀበቶ አለ፤ ጀርባው ላይ ብረት አለ። ሁለቱም እንደ ድንጋይ ወረዱ። አረንጓዴው ጠቆረ። አጎት መጀመሪያ ረገጠ። ቧጨረ። መነጽሩን ከፊቱ ገፈፈው። ጠላቂው ክራቫቱን በእጁ ላይ አንድ ዙር ጨመረ። ወረዱ።

ከዚያ አጎት መታገል ተወ። ሁለት እጆቹን አንስቶ ሁለት ጆሮዎቹን ያዘ።

ጠላቂው ይህን በጨው በተቃጠለ ዓይኑ አየው። ሕመሙን ያውቀዋል። ከጉንጭ እስከ ጥርስ የሚሄደውን ወስፌ። ያዝንልኛል ብሎ አጎትን ያመነበት ዘመን ትዝ አለው፣ አለቀሰም፤ ባሕር ውስጥ ለሚያለቅስ ማን ያየዋል። አጎት እጁን ከጆሮው እስኪያወርድ ድረስ ያዘው። ከዚያ ለቀቀው።

ሲወጣ እታለም ጠርዝ ላይ ቆማለች። እጇ ውስጥ ነፍስ አድን ጎማ አለ። ከፊት ለፊቷ ውሃው ይናጣል፤ የዋናው ጣቶች ታዩ፣ ጠፉ፣ ታዩ።

ጎማውን አልወረወረችም።

ውሃው ጸጥ ሲል ጎማውን ቦታው ላይ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጠላቂውን ወደ ጀልባዋ ሳበችው።

ከሰዓት በኋላ ነጩ መርከብ ተነሳ። መንገደኞች ከላይ እጃቸውን ለዘመዶቻቸው ያውለበልባሉ። መርከቡ ጡሩንባውን ነፋ። ጠላቂው አልሰማም፤ ደረቱ ላይ፣ በተሰበረው ጎድኑ ላይ ግን ሲንዘፈዘፍ ተሰማው። ስለዚህ መነፋቱን አወቀ።

*

ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ወደ ጆሮው አየ። ከዚያ መብራቱን አጠፋና አፉን በደንብ እየከፈተ ተናገረ።

«መለዋወጫ የላትም ብዬህ ነበር።»

ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው መጣ። ቦምቡን ተረከበ። «ጠላቂው የሚባል ሰው አልነበረም» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲነበብለት። «አጎት በልብ ሕመም ነው የሞተው።» ጨበጠው። ሄደ። ምስጋናም አልረሳም፤ «አመሰግናለሁ» ለከንፈር ቀላል ቃል ነው።

ወደቡ ላይም ግማሽ ጆሮ የሚባል ሰው ሥራ ለቀቀ ተባለ፣ በሌላ ሰው ተተካ፣ ተረሳ።

ቅዳሜ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ ገና ያልሞላ አውቶቡስ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ክንዱ ታስሯል። ሌላዋ ከንፈሯ አብጧል። እሱ ወደ አንድ ከተማ ይሄዳል፤ እሷ ልትሸኘው ነው የመጣችው፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ወደ ሌላ ትሄዳለች። ማን እንደሆኑ የጠየቃቸው የለም። ባልና ሚስት የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ነው ቢባል ያምናል፣ ሰው።

ስልኩን አወጣ። ደወለ። በልምድ ግራ ጆሮው ላይ አስደገፈው።

ምንም የለም።

ተነስቷል ወይስ እየጠራ ነው? እማዬ «አለህ?» ብለዋል? ብለው፣ መልስ አጥተው፣ ደግመው እየጠየቁ ነው? በጨለማቸው ውስጥ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲጠብቁ ታየው።  ጠላት ከቦት፣ ሽጉጥ ተደግኖበት እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«አለሁ፣ እማዬ» አለ። ቢጠይቁም ባይጠይቁም። «አለሁ። አለሁ።»

ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩት። ጮኾ ነበር ማለት ነው።

በሥራው ዘመን ስልኩን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ለእታለም ሰጣት።

እታለም ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ሰማች። ፊቷ ሲለወጥ አየ። አንድ ነገር ተናገረች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስለነበር አላነበበውም። ከዚያ መስኮቱ ላይ በተከማቸው አቧራ፣ በጣቷ፣ ጻፈችለት።

አለ?

ሁለት ፊደልና አንድ ጥያቄ። ጠላቂው ትክ ብሎ አየው። ላልቶ ከተነበበ፣ ምን አለ? ማለት ይሆናል። ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ… እማዬ የማያውቁትን የሴት ድምፅ በልጃቸው ስልክ ሰምተዋል። እማዬ ሌላ ምን ይጠይቃሉ?

ልጄ አለ?

ከእንግዲህ አይሰማቸውም። አያዩትም። የቀራቸው እጅ ለእጅ ነው፣ ለዚያ ደግሞ አውቶቡሱ ቶሎ መሙላት አለበት።

«አለ በያቸው» አለ ጠላቂው። «እየመጣ ነው በያቸው።»

እታለም አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዘ።

«ጠበቅ አርገሽ።»

ተናገረች። ከንፈሯን አየ፤ ከንፈር ግን ጠብቆና ላልቶ አይለይም። በዓይኑ ጠየቃት፦ እንዴት አልሽው?

እታለም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ በሌላ እጇ የእጁን አንጓ ፈልጋ ያዘችው።

ጭምቅ አደረገችው። አጥንቱ እስኪያመው።